ስለ ጥድ ውኃ ያልጻፍኋት መስመር

ከባለቤቴ ከመኳንንት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጠርሙስ ማጠብ ነው። ቅዳሜ ጧት ነበር፤ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለችው ቤታችን ግቢ ውስጥ እኔ በርጩማ ላይ፣ እሱ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠን ስድስት ጠርሙስ አጠብን። እሱ በሳሙና ይፈትጋል፤ እኔ አለቀልቃለሁ። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ደንባችን ነው። ለአራተኛ ጊዜ ውኃ ስጨልፍ ቀና ብሎ አየኝና፣

"የሺ፣ ጠርሙስ እኮ ነው። ክርስትና ልታስነሺው ነው?" አለኝ።

"አንተ ሳሙናውን ስትለድፍበት ምን ላድርግ?" አልሁት።

ከዚያ በትልቁ ድስት ቀቀልናቸው፤ ደረቁ፤ አፋቸውን ከድነን አንገታቸውን በጋዜጣ ጠቀለልንና በክር አሠርን። ክሩን የሚያስረው ሁልጊዜ እሱ ነው። የእሱ ቋጠሮ ጠበቅ ያለ ቢመስልም ጫፉን አንድ ጊዜ ሲስቡት ይፈታል። ስድስቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደራቸውና "ይኸው፤ ለጥቅምት ዝግጁ ነን" አለ። ሰኞ ጧት "ፒያሳ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ከባጃጅ ሲወርድ ልቡ ቆመ። ጠርሙሶቹ በመስኮቱ ደፍ ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ።

ጠርሙሶቹ ለምን እንደነበሩ ለመናገር ሥራዬን ከመነሻው መተረክ አለብኝ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። በቀን አንድ ገጽ ከሞላሁ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ስሙን ጽፌ ብቻ ደብተሩን እዘጋዋለሁ።

ወደ ጎንደር የተመደብሁት ደርግ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የላቦራቶሪ ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ፣ ከታች "ኢትዮጵያ ትቅደም" የሚል ደብዳቤ በቦርሳዬ ይዤ ከደብረ ታቦር መጣሁ። ደመወዙ ለአንድ ክፍል ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር። ላቦራቶሪው ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ የበሽተኛ ሰገራና ደም፣ በሌላው የወንዝ፣ የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ይመረመራል። ኃላፊው ጋሽ አሥራት ይባላሉ። ክረምት ከበጋ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተሕዋሲ ምግብ አፍልተን በክብ የመስተዋት ሳህን እናፈስሳለን፤ ሲረጋ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ይሆናል። ውኃውን በላዩ እንዘራና ሙቀት በሚሰጥ ሣጥን እናሳድረዋለን። በማግስቱ ተሕዋሲው እንደ ጤፍ ፍሬ፣ ሲበዛ እንደ ምስር ክክ ነጠብጣብ እየሆነ ይወጣል። ምግቡ ውስጥ ቀለም አለ፤ ከሰው አንጀት የሚወጣው ጉዳት የሌለው ተሕዋሲ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ግን ቀለም የለውም፤ ፈዛዛ ነው።

ጋሽ አሥራት ሳህን ከማየታቸው በፊት መነጽራቸውን በሳሙና ያጥባሉ። በሸሚዛቸው ጫፍ ያደርቁታል። ከዚያ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይወስዱና መጀመሪያ በጀርባው ያዩታል። እርሳስ ይሰጡኝና "ሣዪው" ይሉኛል። ከሣልሁ በኋላ ብቻ ነው ምን እንዳየሁ የሚጠይቁኝ። ቸኩዬ ስም ከጠራሁ ወረቀቱን ገልብጠው "እንደገና" ይላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከሣልሁት ውስጥ አንዱን እንኳ አመስግነውኝ አያውቁም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጊዜ "ሸጋ ነው" አሉኝ፤ ቤቴ እየሮጥሁ ነው የሄድሁት።

ከሌላው ባለሙያ የሚለዩበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ሌላው ሰው ቀዩን ተሕዋሲ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ውኃው ውስጥ ሰገራ መግባቱን ለማወቅ ይበቃዋል። እሳቸው ግን ቀዩንም ከመድኃኒት ጋር ያፋጥጡታል። በመድኃኒት የተነከረች ትንሽ ክብ ወረቀት ሳህኑ ላይ ትቀመጣለች። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ከገደለው በማግስቱ ዙሪያዋ ጥርት ብሎ ይጸዳል። ካልገደለው እስከ ወረቀቷ ጥግ ድረስ ይበቅላል።

"ጋሽ አሥራት፣ ይህ እኮ ሰው አያሳምምም፤ መድኃኒት ቢፈራ ባይፈራ ምን ያደርግልናል?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"ሰፈር ውስጥ ሌባ ሲገባ ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው?"

"ጎረቤት።"

"እንግዲያው ጎረቤቱን ጠይቂ።" ቀጥለውም "እናትሽ እርሾ ሲያልቅባት ምን ታደርጋለች?" አሉኝ።

"ከጎረቤት ታስመጣለች።"

"የሰጠችው ሴትዮ ይጎድልባታል?"

"ኧረ አይጎድልባትም።"

"እነዚህም እንደዚያው ናቸው። መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት እርሾ አላቸው። ደጉ ለክፉው ያውሰዋል፤ ለራሱም አይጎድልበትም። ሕመሙ ገና ሳይመጣ እርሾው በውኃው ውስጥ፣ በአፈሩ ውስጥ ተቀምጦ ሊጠብቀው ይችላል።"

ዛሬ ወጣቶቹ ጂን ይሉታል። እኔ አሁንም እርሾ ነው የምለው።

መኳንንት ሳኒታሪያን ነበር። በየገጠሩ እየዞረ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ምንጭ ያስጠርጋል፣ ውኃ በጠርሙስ እየቀዳ ወደ እኛ ያመጣል። መጀመሪያ ያመጣልኝን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት።

"ይህን ከወንዙ ነው የቀዳኸው ወይስ ከዳሩ ጭቃ?"

"ከወንዙ ነው፣ እመቤቴ።"

"ጣትህንም ከተሃል።"

"ምነው፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?"

"አፉ ላይ የጣትህ ጭቃ አለ። መልሰህ ቅዳ።"

"አራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው እኮ!"

"ታዲያ ዛሬውኑ ብትነሣ አይሻልህም?"

በማግስቱ መጣና "ነይና አሳይኝ" አለኝ። ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ወርደን አሳየሁት፤ ጠርሙሱን ከግርጌው ይዞ፣ አፉን ወደ ወራጁ አዙሮ፣ አንድ ጊዜ አጥልቆ አንድ ጊዜ ማውጣት። የተቀቀለ ጠርሙስ በወንዙ ውኃ አይለቀለቅም፤ ጣት አይገባበትም። ደግሞ ደጋግሞ ሞከረ። ሦስተኛውን ሲሞላ እኔን ያይ ስለነበር ጫማው ውኃ ገባ። ከዚያ በኋላ እንከን ያለው ጠርሙስ አምጥቶልኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ የመድኃኒት ወረቀት ከውጭ አይመጣም ነበር። ጋሽ አሥራት ከማጣሪያ ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ ይሠሩት ነበር፤ ክቡ ግን አይስተካከልም። መኳንንት ይህን ሰማና የመሥሪያ ቤቱን የወረቀት መብሻ በኮቱ ኪስ ይዞልኝ መጣ። ከእሱ የተቀበልሁት የመጀመሪያው ስጦታ ይኸው ነው። በዚያ መብሻ የምናወጣቸው ክቦች እንደ ሳንቲም እኩል ናቸው። የእሱ ቢሮ ጸሐፊ ግን ለወራት ወረቀቱን በምስማር እየበሳች "መብሻዬን የወሰደ እጁ ይበሳ!" ስትል እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ "አሜን" ይል ነበር።

ሌላም ላንሣ። አንድ እሑድ መብራት ጠፋና ሣጥኑ ቀዘቀዘ። የዘራናቸው ሳህኖች ሊበላሹ ሆነ። መኳንንት በቆርቆሮ አሽጎ፣ በፕላስተር ዙሪያውን አትሞ፣ ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ላይ አሰራቸው። ያን ዕለት ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ መቅረት አይቻልም። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሆዱን አየና፣

"ጓድ፣ ከኮትህ ሥር ምንድን ነው?" አለው።

"ጀርም።"

"ምን?"

"የተቅማጥ ጀርም። እንዳይበርደው ነው።"

ጠባቂው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ። በዚያ ጭንቅንቅ ባለ አዳራሽ መኳንንት አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻውን ይዞ ዋለ። ሳህኖቹ በማግስቱ ደኅና በቅለው ተገኙ። ጋሽ አሥራት ግን ሁለታችንንም ከሹራባቸው በላይ ያለው ፊታቸው ቀልቶ "ለሳህን ብላችሁ ሰው ልታስጨርሱ ነው?" ብለው ተቆጡ። ተቆጥተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ለማጠብ ሄዱ። በዚያው ዓመት ተጋባን።

አሁን ወደማልወደው ገጽ ደረስሁ።

ከትክል ድንጋይ ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ጥድ ውኃ የምትባል መንደር አለች። ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ምንጭ ይወጣል። ከምንጩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዲት ጤና ጣቢያ ተሠርታ ነበር። የቁስል እጥበቱ፣ የበሽተኛው ሰገራ፣ የተረፈው መድኃኒት ሁሉ ከጀርባዋ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋል። የገበሬ ማኅበሩ ምንጩ በሲሚንቶ ተገንብቶ በቧንቧ እንዲወርድለት ጠየቀ። ተገነባ። ምረቃው ለአብዮት በዓል ተቆረጠ።

መኳንንት ውኃውን ለመቅዳት በነሐሴ ጭቃ ሲሄድ እኔም አብሬው ሄድሁ። ያደርነው ጥሩ የምትባል ሴት ቤት ነው። ባሏ ወደ ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ስመኝ ትባላለች። ስመኝ መኳንንትን የጠርሙስ አባት አለችው። ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ እየነካች "ይህ ልጅህ ነው? ይህስ? ይህኛውስ ምነው አጠረ?" ትለዋለች። "እሱ ገና ጡት አልጣለም" ይላታል።

ሲነጋ አያ ፈንቴ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ምንጩ ድረስ አብረውን ወረዱ። "እኛ ይህን ውኃ ከአባቶቻችን ጀምሮ ስንጠጣው ኖረናል፤ እናንተ በጠርሙስ ታስሩታላችሁ" አሉና ሳቁ። ቀጥለው ግን እጄን ያዙኝ። "እታለም፣ እውነቱን ንገሩን እንጂ፤ ልጆቹ ናቸው የሚጠጡት።"

ሳህኖቹን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አሥራት ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበሩ። በሽታ የሚያመጣው ፈዛዛ ነጠብጣብ አንድም አልነበረም። ቀዮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ለምንጭ ውኃ ከሚፈቀደው አይበልጡም። እንደ ልማዴ ከቀዮቹ አንዱን ወስጄ ከመድኃኒት ጋር አፋጠጥሁት። በማግስቱ ሳየው ቴትራሳይክሊን፣ ክሎራምፌኒኮልና ስትሬፕቶማይሲን ባሉባቸው ወረቀቶች ዙሪያ አንድም የጸዳ ቦታ የለም። ሦስቱንም ጥግ ድረስ አልብሷቸዋል። ሣልሁት። ለማቆየት በትንሽ ብልቃጥ ካለ ምግብ ውስጥ በመርፌ ወግቼ በሰም ዘጋሁት፤ ይህም የጋሽ አሥራት ትእዛዝ ነው።

ምረቃውን የሚያዘጋጀው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሰው ላከ። ሰውየው ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ጓድ፣ ውኃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?"

"በሽታ አምጪ አላገኘሁም፤ ግን አንድ ነገር…"

"ግን የሚባል ነገር ፎርሙ ላይ አለ?"

ፎርሙን አየሁ። ሁለት ሣጥን ነው ያለው፤ ይጠጣል፣ አይጠጣም። ከታች ለማስታወሻ አንዲት መስመር ባዶ ነበረች። ጉዳት ለሌለው ተሕዋሲ ምን ብዬ ልጽፍ ነው ብዬ አሰብሁ። ጋሽ አሥራት ስለሌሉ የሚያግዘኝ የለም፤ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። መፍራቴ እውነት ነው፤ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ችኮላው ነው ያሸነፈኝ። "ይጠጣል" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ፈረምሁ። መስመሯን ባዶ ተውኋት።

ማታ እራት ስንበላ መኳንንት "ጥድ ውኃ እንዴት ሆነ? ያየሽው ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም" አልሁት።

ምረቃው ደምቆ ዋለ አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት የደም ተቅማጥ ከገበያተኛ ጋር ወደዚያ ደጋ ወጣ። መኳንንት የመንገድ ፈቃድ አስጽፎ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለስ የሄደባት በቅሎ እንኳ ደክማ ነበር። ከበሽተኞች የተወሰደ ናሙና ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ "መድኃኒቱ አልሠራም፣ የሺ። ጤና ጣቢያው ያለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ እንደ ውኃ ነው የሆነው" አለኝ። ቀጥሎ "ስመኝ ሞተች" አለ። የጋዜጣ ጥቅል ከኪሱ አወጣ። ባዶ ጠርሙስ ነበር፤ ትንሹ፣ ጡት አልጣለም ያላት። ባለፈው ዓመት ሰጥቷት ሄዶ ነበር፤ እናትየው መልሳለታለች።

ናሙናውን ዘራሁ። በማግስቱ ፈዛዛዎቹ ወጥተዋል፤ የደም ተቅማጡ እሱ ነው። ከመድኃኒት ጋር አፋጠጥሁት። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ቴትራሳይክሊን፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ስትሬፕቶማይሲን፤ ሦስቱም ጥግ ድረስ ለብሰዋል። ሌሎቹ ወረቀቶች ዙሪያቸው ጥርት ያለ ነው። ያን ሥዕል አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ ሥየዋለሁ። ሰው በልጅነቱ ያየውን ፊት ከዓመታት በኋላ በገበያ መካከል እንደሚለይ ለየሁት።

ጋሽ አሥራት ተመልሰው ነበር። ሁለቱን ሥዕሎች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ለረጅም ጊዜ አጠቡት።

"ብልቃጡ አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"አምጪው።"

ከመደርደሪያቸው ብዙ ዓመት የተቀመጠ፣ መድኃኒት ሁሉ የሚገድለውን የደም ተቅማጥ ተሕዋሲ አወጡ። እሱንና የጥድ ውኃውን ቀይ ጎረቤት ፈሳሽ የተሕዋሲ ምግብ ባለበት አንድ ቱቦ ቀላቅለን አሳደርናቸው። ሲነጋ ቴትራሳይክሊን በተጨመረበት ምግብ ላይ ዘራናቸው፤ በአንድ ሳህን የምንጩን ብቻ፣ በአንድ የመደርደሪያውን ብቻ፣ በሦስተኛው ድብልቁን። የመድኃኒቱ ምግብ ተቋቋሚ ያልሆነውን አያበቅልም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ሳህን በቀይ ተሞልቷል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሦስተኛውን ጋሽ አሥራት በጀርባው አዩትና ሰጡኝ። ከቀዮቹ መካከል ፈዛዛዎች ነበሩ። ትናንት መድኃኒቱ የሚገድላቸው፣ ዛሬ መድኃኒቱ ላይ የበቀሉ። እርሾውን ተውሰዋል።

"ስመኝን የገደልኋት እኔ ነኝ" አልሁ።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "ይችላል ማለት አደረገ ማለት አይደለም። ገበያተኛው እርሾውን ከሌላ ቦታ ይዞት መጥቶ ይሆናል። ይህን አናውቅም፤ አናውቀውምም። የምናውቀው እርሾው በምንጩ ውስጥ እንደ ነበረ፣ መተላለፍ እንደሚችል፣ ሰውም እንደሚጠጣው ነው። ያን ጊዜ ብትጽፊው ኖሮ ጉድጓዱ ይነሣ ነበር ይሆናል። ሐኪሙም ቀድሞ ሌላ መድኃኒት ያስመጣ ነበር ይሆናል። 'ይሆናል' ነው የኛ ሥራ፣ የሺ። ልጅቱን ገድለሻል አልልሽም። ምንም አላደረግሽም ብዬም አላጽናናሽም።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። እንዲህ የተናገረኝ ሌላ የለም።

ጋሽ አሥራት ውጤቱን ወደ አዲስ አበባ ላኩት፤ ተሕዋሲው ገና ያልለመደው መድኃኒት በጥቂቱ ተላከ። እሱ እስኪደርስ መኳንንት እየዞረ ጨውና ስኳር በጥብጠው እንዲያጠጡ ሲያስተምር ሰነበተ። ለእሱ የነገርሁት ያን ጊዜ ነው። ጫማውን ሊያወልቅ ማሰሪያውን እየፈታ ነበር።

"ያን ጊዜ ጠይቀኸኝ የለም ያልሁህ ውሸት ነው። አይቼ ነበር።"

እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ከዚያ የፈታውን መልሶ አሠረ፤ ወጥቶ ይሄዳል ብዬ አሰብሁ።

"ከጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አንቺ ነሽ የምታውቂው" አለ። "ከጠርሙሱ ውጭ ያለውን ግን እኔ አይቻለሁ። ጉድጓዱ ከምንጩ በላይ መሆኑን አይቻለሁ፤ የሲሚንቶውን ምረቃ ላለማስቀረት ብዬ ዝም አልሁ። ነገ እንሂድ።"

"ምን ብለን?"

"እንደዚሁ ብለን።"

ሄድን። ጥሩ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጥቁር ለብሳለች። አያ ፈንቴም መጡ። ከሐዘን ሰላምታው በኋላ እኔ ተናገርሁ። ጀርምና መድኃኒት እያልሁ ስንገዳገድ ጥሩ አቋረጠችኝ።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በውኃው ውስጥ ያየሽው ነገር ነበር?"

"ነበር።"

"አልነገርሽንም።"

"አልነገርኋችሁም።"

አያ ፈንቴ በትራቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉ። "እኔ እጅሽን ይዤ ነበር እኮ" አሉ።

ጥሩ "ይቅር በይኝ እንዳትይኝ፤ አልችልም" አለች። "ውኃውስ? አሁንስ አለበት?"

"አለበት።"

"ሌሎቹ ልጆች ይጠጣሉ፤ አይዶለም?"

በዚያው ሳምንት ቧንቧው ተዘጋ። ሴቶቹ ከሩቅ ወንዝ እየቀዱ አፍልተው ያጠጡ ጀመር። ጉድጓዱ ተደፍኖ ከመንደሩ በታች ሌላ ተቆፈረ፤ ይህን ለማስወሰን መኳንንት በየቢሮው ስንት ቀን እንደተቀመጠ እኔ አውቃለሁ። ቤት ለቤት ዞረን ለክፉ ቀን እየተባለ በየማገሩ የተሰካውን ቀይና ቢጫ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ሰበሰብን። ሰው እየፈታ ቁስል ላይ የሚነሰንሰው፣ ለዶሮም የሚሰጠው እሱን ነበር።

ካፕሱሉን ሰብስበን ልንመለስ ስንነሣ ጥሩ ተከትላን ወጣች። ለመኳንንት ትንሹን ጠርሙስ መልሳ የሰጠችው በፊት ነበር፤ አሁን ግን እጇን ዘረጋች። ገባውና ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት።

"ለቢሮ የምትጽፉትን እኔ አላየውም" አለች። "በየዓመቱ በስመኝ ሙት ዓመት ኑ። ውኃውን ቅዱ። ያያችሁትን መጥታችሁ ለእኔ ንገሩኝ። ለእኔ።"

ሄድን። በየዓመቱ ጥቅምት ሄድን። መንገዱ በጦርነት በተዘጋበት ዓመት ሰው ልከን አስቀዳን። ደርግ ወደቀ፤ ጋሽ አሥራት ጡረታ ወጡ፤ ቆይተውም አረፉ። እኔ ጭልጋ፣ አይከል ከተማ ተመድቤ ሠርቼ ተመለስሁ። እሱም እኔም ጡረታ ወጣን። ቀድሞ የሳህን ሥዕል ያስተማርኋት ልጅ ላቦራቶሪውን ያዘች፤ በዓመት አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ትለቅልኛለች። ጉድጓዱ ከተነሣ በኋላ በጥድ ውኃ ያሉት ቀዮች መጀመሪያ ለአንዱ መድኃኒት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሌላው እየተሸነፉ መጡ። ቴትራሳይክሊን ግን ዛሬም አይገድላቸውም። ውኃው ከታከመ በኋላ ሰዉ መጠጣት ጀምሯል፤ እኛ ግን ያየነውን ሁሉ፣ ትንሹንም፣ ለጥሩ እንነግራታለን። እሷም ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምታ "እሺ፤ ሰማሁ" ትላለች። ይቅር ብያችኋለሁ ብላን አታውቅም። የእኛ አልጋ ግን ሁልጊዜ ተነጥፎ ነው የሚጠብቀን።

መኳንንት በየዓመቱ ስንመለስ አንድ የታሰረ ጠርሙስ እሷ ቤት ይተው ነበር። "አንዱ ቢሰበርብን" ይላል። ሰብረን አናውቅም።

የዘንድሮው የስመኝ ቀን ሲደርስ እኔ ሐዘን ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ቀኑን ረስቼዋለሁ ብል ዋሸሁ፤ አልረሳሁትም፤ መነሣት አልቻልሁም እንጂ። ረፋድ ላይ ከትክል ድንጋይ በመጀመሪያው መኪና የመጣች አንዲት አሮጊት በሩን ዘልቃ ገባች። ጥሩ ነበረች። አልጮኸችም። አጠገቤ ተቀመጠችና ከነጠላዋ ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። አምና መኳንንት የተወላት ጠርሙስ ነው፤ ሙሉ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው።

"ጎሕ ሳይቀድ ነው የቀዳሁት" አለች በጆሮዬ። "ከግርጌው ይዤ። አፉን ወደ ወራጁ አዙሬ። አላለቀለቅሁትም። ጣቴንም አልከተትሁ።"

የጋዜጣውን ክር ጫፍ ሳብሁት። በአንድ ስበት ተፈታ። እሱ ሲያስር አይታ ለምዳዋለች።

ለቀስተኛውን ለእህቴ ትቼ፣ በጥቁር ልብሴ እንዳለሁ ከጥሩ ጋር ወደ ላቦራቶሪው ሄድሁ። ያን ዕለት ዘራሁት። በማግስቱ መነጽሬን በሳሙና አጥቤ ሳህኑን በጀርባው አየሁት፤ ሣልሁት። ጥሩ እኔ ቤት አድራ ነበርና ሁሉንም ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

ከእንግዲህ በጥቅምት ጠርሙሱን የምትሞላው ጥሩ ናት። እኔ አጥባለሁ፣ አስራለሁ፣ አነባለሁ፤ ያየሁትንም ሁሉ እነግራታለሁ።